ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና ስለ አንዲት ሙቀጫ

(በገላን ኮንዶሚኒየም በጋራ መገልገያው ቤት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ስብሰባ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ እንቢ ብዬው ነበር። እንቢ ያልሁበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በስብሰባው ተካፍያለሁ ለማለት ቢቻልም ሄጃለሁ ለማለት ግን አይቻልም። ሁለተኛውን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ የሚያሳፍረኝ እሱ ነውና።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ባለፈው ዓመት በባሕር ማዶ ከሚደረግ የሙዚቀኞች ጉባኤ የጥሪ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ጓደኞቼ ለመንገዱ ገንዘብ አዋጡ፤ እናቴም ሽሮና በርበሬ አዘጋጀች። ከዚያ በኋላ አንድ ኤምባሲ ደጅ አራት ጊዜ ቆምሁ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ወረቀት ወደ አገሬ እንደምመለስ እንዳላሳመንሁ ይናገራል። የገላንን ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ብሎ መጠርጠር ከታክሲ ሰልፍ የተነሣ ካልሆነ በቀር ምን ምክንያት እንዳለው አላውቅም። ብቻ ወረቀቱ ወረቀት ነው፤ መንገዱ ቀረ። ገንዘቡን ለያንዳንዱ መለስሁ፤ በርበሬውን ግን በላነው።

የጉባኤው አዘጋጆች ግን ቅን ሰዎች ስለ ሆኑ፥ «እዚያው ካለህበት ሆነህ በኢንተርኔት ተጫወት፤ እኛ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ እናሰማለን» ሲሉ ጻፉልኝ። እንግዲህ ዛሬ የተቀመጣችሁበት ቤት፥ በበዓል ሰሞን በግ የሚታረድበት፥ በኀዘን ጊዜ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ይህ ቤት፥ ለአንድ ሌሊት የዓለም አቀፍ የሙዚቃ መድረክ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። ነገር ግን እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ምንም እንኳ በፋብሪካ ጢስ ብንታወቅ፥ ኢትዮጵያ ድምፅዋን በኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ሌላው ዓለም የሰደደችው ከዚሁ ከጎረቤታችን ከአቃቂ እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም። የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1935 ተመርቆ ነበር (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር፥ የፋሽስት ጦር ድንበር ሊሻገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውጭ አገር ሕዝብ የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው። ስለዚህ ከዚህ አካባቢ ድምፅ ሲላክ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም።

አሁን ስለ ሙዚቃው ልናገር። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስንል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው በሠርግ ቤት የሚጮኸውን ኦርጋን ነው። በመሠረቱ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ማናቸውም ድምፅ በማይክሮፎን አልፎ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ በኋላ ሊቀመጥ፥ ሊቈረጥ፥ ሊቀጠል፥ ሊዘገይ፥ ሊፈጥን፥ ወደ ኋላ ሊዞር ይቻላል። ወይም ጭራሽ ያለ ማይክሮፎን ድምፁ ከኤሌክትሪኩ ራሱ ይወለዳል። የሚቀረው እንደ ማንኛውም ሙዚቃ የሰሚው ጆሮና የሠሪው ልብ ነው።

እኔ የምሠራው ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በኤፍ ኤል ስቱዲዮ ነው። ይህን ፕሮግራም የሚከፍት ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ዐሥራ ስድስት ትንንሽ ሣጥኖች አራት አራት ሆነው ተሰልፈው ነው። ሣጥኖቹ ማንንም አያስገድዱም፤ ነገር ግን የሰነፍ እጅ ወደ ተዘጋጀለት መንገድ ይሄዳል። የእኛ ቺክቺካ ደግሞ ስድስትን አንድ ጊዜ በሁለት፥ አንድ ጊዜ በሦስት እየከፈለ የሚያነክስ ምት ስለ ሆነ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አይቆምም። ሰልፉን ማፍረስ ያስፈልጋል። ቅኝቱም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ አንቺሆዬን በኪቦርድ ላይ እንዳለ አገኛለሁ የሚል ሰው ማሲንቆ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ «በኮምፒዩተር የተሠራ ሁሉ የፈረንጅ ነው» ለሚሉን መምህራን የምሰጠው መልስ፥ መሣሪያው በርግጥ ዝንባሌ አለው፥ ዝንባሌውን ማቃናት ግን የሠሪው ፈንታ ነው የሚል ነው።

ለዚህም ምስክር አለኝ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን አኮርዲዮን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መኪና ይዘው አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ በአውሮፕላን ጣቢያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያችን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኛትና በ2013 በሸክላ ታትማ ወጣች፤ እሳቸውም እንደ ገና በዓለም መድረክ ተጠሩ። ካሴቷን ያልሰማ ይስማት። መኪናው የአሜሪካ ነው፤ ትዝታው ግን የማን እንደ ሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ከእኛ ዕድሜ ብዙም የማይርቁት ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ደግሞ በ2014 ዋሽንግተን ባለ አንድ ትንሽ አሳታሚ በኩል ሥራቸውን አወጡ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት የእነሱን ሰምቼ ነው፤ ብድሬን መናገር አለብኝ።

አሁን ወደ ሙቀጫዋ እንመጣለን።

የኮንዶሚኒየም ሰው የጣራውን ድምፅ ያውቃል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እናት አሉ፤ ከመሀል ከተማ ሰፈራቸው ፈርሶ የመጡ ናቸው። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቡና ይወቅጣሉ። ያ ድምፅ በቤቶን አልፎ እኛ ሳሎን ሲደርስ የሙቀጫ ድምፅ መሆኑ ይቀራል። መጀመሪያ ፍሬው ሳይሰበር ሹል ነው፤ ቡናው እየደቀቀ ሲሄድ ይደፍናል፥ ይከብዳል፥ ምቱም ይዘገያል። ደግሞ በየሦስተኛው ምት እንደ ሳል ያለች አንዲት ትንሽ ድምፅ ትከተለዋለች። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆሜ ስልኬን ከጣራው ጋር በፕላስተር አጣብቄ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። የሃያ ደቂቃው ሥራዬ የተሠራው ከዚያች ቅጂ ነው። ምቱን አልነካሁም፤ ሣጥኖቹን ወደ እሱ አመጣሁ እንጂ። የደፈነውን ድምፅ አዘግይቼ እንደ ነጋሪት አወረድሁት፤ ያችን ሳል ደግሞ አባዝቼ ከላይ አስኬድኋት።

የተወሰነው ሌሊት ደረሰ። በኛ ሰዓት አራት ሰዓት ነበር። ከማዶ ያለ አንድ ሙዚቀኛ ከእኔ ጋር በአንድነት እንዲጫወት ታስቦ ነበር፤ በልምምድ ጊዜ ግን የእኔ ምት እሱ ዘንድ ዘግይቶ፥ የእሱም መልስ እኔ ዘንድ ይልቁን ዘግይቶ ስለሚደርስ፥ እሱ እኔን፥ እኔም እሱን እየጠበቅን ሙዚቃው እንደ ደከመ በቅሎ ቆመ። ስለዚህ ብቻዬን ተጫወትሁ። በዐሥራ ሦስተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሩ በባትሪ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ግን ከመብራቱ ጋር ሄደ። በስልኬ ዳታ እስክገናኝ ሁለት ደቂቃ ያህል አለፈ። ስመለስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ እየጠበቀ ነው። ከጨረስሁ በኋላ ብዙ ሰዎች ዝምታውን አመሰገኑት። ጆን ኬጅ በ1952 ሙዚቀኛው ምንም የማይነካበትን ሥራ ካቀረበ ወዲህ ዝምታ በዚያ አገር የተከበረ ነገር ስለ ሆነ፥ መብራት ጠፍቶብኝ ነው ብዬ ልባቸውን መስበር አልፈለግሁም።

ይህ ትንሹ ውሸት ነው። ትልቁ ቀጥሎ መጣ። አንዲት ሴት ተነሥታ፥ «ይህ የሚመታው መሣሪያ ምንድር ነው? በምን ሥርዓት ነው የሚመታው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊቷን በትንሿ መስኮት አየዋለሁ፤ የሆነ ጥንታዊና ምሥጢራዊ ነገር እንድነግራት በተስፋ ትጠብቃለች። እኔም፥ «የአገራችን ከበሮ ነው፤ በመንፈሳዊ ሥርዓት ላይ የሚመታ ነው» አልኋት። አዳራሹ አጨበጨበ። በማግሥቱ በጉባኤው ማስታወቂያ ላይ እንደዚያው ተጻፈ።

እንግዲህ እንቢ ያልሁበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ቡና መውቀጫ ነው ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ነገር ግን ወደ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚቀርብ የእኛ አገር ሰው፥ ሳይነግሩት እንኳ፥ ከሙዚቃው በላይ ሌላ ነገር ይዞ እንዲመጣ የሚጠበቅበት ይመስለዋል፤ ካልያዘም ይፈጥራል። የሌላውን ተስፋ ለመሙላት የራስን ቤት መካድ ማለት ይህ ነው።

ያን ሰሞን እንቅልፍ ስላጣሁ ስለ አንድ ሰው ማንበብ ጀመርሁ፤ ስለሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ ሰው የእኛው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩና።

ሐሊም ኤል ዳብ በ1921 ካይሮ ተወለዱ። ትምህርታቸው እርሻ ነበር። በ1944፥ ገና እንደ እናንተ ተማሪ ሳሉ፥ ከካይሮ አንድ ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ተዋሱና ከወዳጃቸው ጋር የሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ቦታ ሄዱ። ወንድ ስለማይፈቀድ ተከናንበው ገቡ። ዛር ደግሞ ወደ ግብፅ የገባው ከእኛ አገርና ከሱዳን በኩል ነው የሚሉ ሊቃውንት አያሌ ናቸው። የቀዱትን ይዘው ወደ ጣቢያው ተመለሱ፤ የዝማሬውን ዋና ድምፅ እያጠፉ ከላይ የሚንሳፈፈውን ጥላውን ብቻ አስቀሩ፥ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ አሳልፈው እንደ ገና ቀዱት። የተገኘውን ሥራ በዚያው ዓመት በካይሮ የሥዕል ትርኢት ቤት አሰሙ። በመጽሐፍ ስታነቡ የዚህ ጥበብ መጀመሪያ ፓሪስ ነው፥ ፒየር ሼፈር በ1948 የባቡር ድምፅ ቀድቶ የሠራው ነው ይባላል። ሼፈርን ማንም አይነፍገውም፤ ለጥበቡ ስምና ትምህርት የሰጠው እሱ ነው። ነገር ግን የካይሮው ተማሪ አራት ዓመት ቀድሟል።

በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1959 ኒው ዮርክ ኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብተው መሥራት ጀመሩ። በዚያ አንድ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ መሣሪያ ነበር፤ ሙዚቀኛው የሚፈልገውን ድምፅ በወረቀት ላይ በቀዳዳ እየበሳ ያዘዋል። ማዕከሉ በግንቦት ወር 1961 በሁለት ተከታታይ ምሽቶች ሥራዎቹን ለሕዝብ አሰማ። ከቱርክ ቡለንት አረል፥ ከአርጀንቲና ማሪዮ ዳቪዶቭስኪ፥ ከግብፅ ሐሊም ኤል ዳብ፥ ከአሜሪካኖቹም ሚልተን ባቢት፥ ኦቶ ሉኒንግና ሌሎችም ነበሩበት። የእሳቸው ሥራ «ለይላና ባለቅኔው» የተባለው ነው። እንዲህ ያለ የብዙ አገር ሰዎች ስብሰባ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1962፥ ኢትዮጵያ መጡ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በዘመኑ እጅግ የረቀቀውን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ላይ በ1963 ያቋቋሙት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው፤ ይኸውም ክራር፥ ማሲንቆ፥ ዋሽንት፥ እምቢልታና ከበሮ፥ ከልዩ ልዩ ብሔረሰብ የመጡ፥ ከዚያ በፊት አብረው ተቀምጠው የማያውቁ ተጫዋቾች። የሽቦውን መሣሪያ ትተው ወደ ሰዎቹ ሄዱ። ተጫዋቾቹ ድምፅ ብቻ ሳይሆኑ ስምም ነበራቸው፤ ዓይን ለዓይን ተያይተው ሠሩ። እሳቸው በ1964 ከሄዱ በኋላ ኦርኬስትራው አልፈረሰም፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ መርተውት በ1969 አሜሪካን ዞሮ ተመለሰ።

በመጨረሻም በ2005 ጆሃንስበርግ ውስጥ «ኡንያዚ» የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጉባኤ ተደረገ፤ ቃሉ በዙሉ መብረቅ ማለት ነው። በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ የሰማንያ አራት ዓመቱ ሐሊም ኤል ዳብ ነበሩ። በ2017 ዐረፉ።

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እነዚያ የካይሮ የዛር ሴቶች ድምፃቸው ምን እንደ ተደረገ ሰምተው ይሆን? ስማቸው የትም አልተጻፈም። ሐሊም ኤል ዳብን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩ፥ ቀዳሚም አልነበራቸውም። እኔ ግን ቀዳሚ ነበረኝ፤ ደግሞም የእኔ ባለ ድምፅ ከራሴ በላይ ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቂት ጓደኞች በዚሁ ቤት ሥራውን ለመስማት ተሰብስበን ሳለ እማማ የእድሩን ድስት ሊመልሱ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። ድስቱን ሳያስቀምጡ፥ «ይህች ሙቀጫ የኔ ናት» አሉ።

«በምን አወቁ እማማ?»

«ሥሯ ተሰንጥቋል፤ ሦስተኛው ላይ ታስላለች። ከድሮ ሰፈሬ ያመጣኋት ናት፤ አላውቃትም?»

ቀጥለውም ፊታቸው ተለወጠ። «ለኮሚቴው ልትከሰኝ ነው የቀዳኸኝ?» አሉኝ። ለካ ከዚያ በፊት አንድ ጎረቤት ስለ ድምፁ አቤቱታ አቅርቦባቸው ኖሯል። እኔም እስከ መጨረሻው ተናገርሁ፤ ጣራውንም፥ አዳራሹንም፥ የሴትዮዋንም ጥያቄ። «ምን ብለህ መለስህ?» አሉ። ከበሮ ነው ማለቴን ነገርኋቸው። ይቈጣሉ ብዬ ነበር። ዝም ብለው ካዩኝ በኋላ፥ «ቡና ማለት አፍረህ ነው?» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ለጉባኤው አዘጋጆች እውነቱን ጻፍሁ። ማስታወቂያውን በሁለት ቀን ውስጥ አረሙትና የባለ ሙቀጫዋን ስም ጠየቁኝ። እማማም፥ «ለነሱ ጻፍላቸው፥ እዚህ ግን እንዳትጠራኝ፤ ከታች ያለው ሰው ደግሞ ይሰማና ይከሰኛል» ስላሉኝ ስማቸው በማዶ ታትሟል፥ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ግን አይወጣም። ከተከፈለኝ ገንዘብ ግማሹን ባቀርብላቸው አልተቀበሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ከሙቀጫዋ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጎማ። ከመርካቶ ገዝቼ ራሴ ቈርጬ አነጠፍሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ዐርፏል፤ በእኛ ሳሎን ግን ያች ሳል አትሰማም፤ ቢሰማም እንደ ሩቅ እርምጃ ያለ ነገር ብቻ ነው።

ሙዚቃውን አሁን አሰማችኋለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው። እማማ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ የትኛዋ እንደ ሆኑ አትጠይቁኝ።